ያላነበብኩላት ደብዳቤ

መጻፍ የጀመርኩት በሰው ደብዳቤ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የራሴ የምለው ጉዳይ አልነበረኝም፤ የሰው ጉዳይ ግን በሽ በሽ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም። ነገሌ፣ ከጦር ካምፑ አጥር ወዲህ ያለው ሰፈራችን፣ ባላቸው የት እንደደረሰ የማያውቁ ሴቶች ሰፈር ሆኖ ነበር። የቀድሞው ጦር ሲበተን አንዱ በእግሩ ትውልድ አገሩ ገባ ይባላል፣ አንዱ ተሃድሶ ካምፕ ነው ይባላል፣ አንዱ ኬንያ ተሻገረ ይባላል። ይባላል ብቻ። ሴቶቹ የወሎ፣ የጎጃም፣ የወላይታ፣ የሸዋ ልጆች ናቸው። ባሎቻቸው ወደዚህ አመጧቸው፣ ጦርነቱ ባሎቻቸውን ወደ ሰሜን ወሰደ፣ እነሱ እዚህ ቀሩ። መግቢያ ያላት ሄደች፤ የሌላት ጉሊት ዘርግታ ቁጭ አለች።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ በእጅ ጽሕፈት የማይቀልድ የጎጃም ሰው። "ፊደል እንደ ፊት ነው፤ ሳይታጠብ አደባባይ አይወጣም" ይለኝ ነበር። ማታ ማታ አንድ መስመር ይሰጠኝና ገጽ እስኪሞላ ያስገለብጠኛል። የሚወዳት መስመር አንዲት ተረት ነበረች፤ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።" ስንት ጊዜ እንደገለበጥኳት እግዜር ይወቀው። ትርጉሟ ግድ አልሰጠኝም፤ በዘጠኝ ዓመት ማን ለትርጉም ይጨነቃል! እኔ የምጨነቀው የ"ጠ" እግሮች እኩል እንዲቆሙልኝ ነበር።

ደብዳቤ ለማስጻፍ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ አባቴ ነበር። እሱ የተማሪ እርማት አለብኝ እያለ ወደ እኔ ይመራቸው ጀመር። "ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል" ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ! ዱካዬን ደጃፍ አውጥቼ፣ ከደብተሬ መሃል ወረቀት ገንጥዬ፣ እግሬን አጣምሬ እቀመጣለሁ። መክፈቻውን ማንም አይነግረኝም፤ በቃሌ ነው። "ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ባለቤቴ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ።" ይህን እጨርስና እስክሪብቶዬን ከፍ አድርጌ እጠብቃለሁ። ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ምላሷ የማያርፍ ሴት ወረቀት ፊት ዲዳ ትሆናለች። ትቁለጨለጫለች፣ ነጠላዋን ታፍተለትላለች፣ መጨረሻ ላይ፣ "እኔ እንግዲህ ምን አውቃለሁ፤ አንቺው ጨምሪበት" ትለኛለች።

ጨመርኩበት። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ነበር፤ ደጃፋችን ያለው ግራር አበበ፣ ዝናብ ገባ፣ ትናንት የአንተን ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ በር ከፈትኩ። ይቺን የመጨረሻዋን ሳነብላት አንዷ የወላይታ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። "ወይኔ ልጄ፣ እንዴት አወቅሽብኝ!" አለች። አላወቅኩባትም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ያን ቀን የተሰማኝን አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው በእኔ አንድ መስመር ሲያለቅስ አይቼ እስከ ማታ በደስታ ሰከርኩ። የመጻፍ ፍቅር የሚባለው ነገር እኔን የያዘኝ እዚያ ዱካ ላይ፣ በሰው እንባ ነው።

ያን ጊዜ የገሰጸኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሚስታቸው ወተት የምታመጣልን፣ ከሊበን የሚመጡ አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ቡሌ ሆራ ይማራል፤ ሰው ያኔ ሀገረ ማርያም ነበር የሚላት። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። "ናጋ?" አሉኝ፤ "ናጋ" አልኳቸው፤ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የቤቱን ሰላም ተጠያየቅን። ከዚያ በኦሮምኛ እየነገሩኝ በአማርኛ ጻፍኩ። አራት ነገር ነበር፤ ቀይዋ ላም ወለደች፣ ዝናብ ቀረ፣ እናትህ እግሯ ተሻላት፣ ትምህርት ሲዘጋ ና። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ፣ "ሌት ተቀን ከሐሳቤ አትለይም" የምትል ጣል አደረግኩባት።

"አንብቢ" አሉኝ። ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩ። አንዱን ነገር በሰሙ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ። አራት ጣት ታጥፎ አምስተኛ መጣባቸው። አውራ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው አሳዩኝና፣ "ይህቺን ማን አላት?" አሉ።

"እኔ።"

"ጄቻ ኮ ሚቲ፤ የእኔ ቃል አይደለም። አውጪያት።"

ሰረዝኳት። አልበቃቸውም፤ ወረቀቱ ቆሽሿል ብለው እንደገና አስጻፉኝ። ሲነሱ፣ "የሰው ዳምሳ የያዘ ሰው" አሉ፤ ዳምሳ የሚሉት የተላከ ቃል ነው፤ "የሰው ወተት እንደያዘ ነው። መንገድ ላይ አይጠጣለትም፤ ውሃም አይጨምርበትም።" በጣም ተናደድኩ። ምን ዓይነት ደረቅ ሽማግሌ ነው አልኩ በሆዴ። ያችን የመሰለች መስመር!

እቴቴ የምላት ጎረቤታችን የሃምሳ አለቃ ሚስት ነበረች። በአጥሩ ቀዳዳ ከቤታቸው ቤታችን እንተያያለን። ባሏ ወደ ሰሜን ሲዘምቱ አንድ ልጅ ትተውላት ነበር፤ ሁላችንም ማሙሽ የምንለው፣ ሆዱ የሚቀድመው፣ አህያ ሲያይ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የሚገባ ልጅ። እቴቴ ፀጥ ያለች ሴት ነበረች። ሌሎቹ ደብዳቤ ሲያስጽፉ እሷ አታስጽፍም፤ የት ብላ ትላክ? ባሏ ከሞቱት ይሁኑ ከተረፉት አታውቅም።

ማሙሽ በኩፍኝ ሞተ። አራት ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመው። ሰፈሩ ወጥቶ ቀበረው፤ ልጅ ስለሆነ ለቅሶውም አጭር ነበር። አምስት ወር ያህል ቆይቶ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ደብዳቤ ይዞ ሰፈራችንን እየጠየቀ መጣ። ሃምሳ አለቃው አሉ! ወሎ፣ አባታቸው ቤት። እግራቸው ቆስሎ ተኝተው ነበር፤ አሁን ይሻላቸዋል፤ በሕይወት ካላችሁ ጻፉልኝና ልምጣ ይላሉ። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። "ልጄን ሳሚልኝ" የሚለው ጋ ስደርስ እቴቴ እጄን ያዘችኝ፤ አላለቀሰችም።

በማግስቱ መልሱን ልታስጽፍ መጣች። ሰው አልነበረም፤ እኔና እሷ ብቻ። እንደ ሌሎቹ አልተቁለጨለጨችም። ሌሊቱን ስታሰላስለው አድራ ነው መሰለኝ፣ ቃሏ ተቆጥሮ ነው የወጣው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፤ ማሙሽ ሞቷል፣ እዚያው ዘመዶችህ መሃል ሆነህ አልቅስ፣ ከዚያ ና። ለምን እንደዚያ እንደምትልም ነገረችኝ። "መጥቶ 'ልጁስ?' ቢለኝ የምቆምበት እግር የለኝም። እዚያ እናቱ አለች፣ እህቶቹ አሉ፣ ደግፈው ይይዙታል። እዚህ እኔ ብቻዬን ነኝ። ፊቱ ላይ ልነግረው አልችልም፤ እሱን አልችልም፣ ገባሽ?"

ገብቶኛል አልኩ። አልገባኝም ነበር።

እዚህ ላይ ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ለአንዲት ጎረቤት ከአገሯ የመጣ ደብዳቤ ሳነብ፣ "ወንድምሽ ማረፉን እናሳውቃለን" የሚል አገኘሁና እንደ ወረደ አነበብኩት። ሴትዮዋ ድንጋይ ላይ ወደቀች። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በጥፊ አጮለችኝ። "መርዶ እንደ ዜና ይነበባል እንዴ! መርዶ በማለዳ ነው፣ በሽማግሌ ነው፣ የሚደግፍ ሰው ተይዞ ነው። ሁለተኛ የሰው ሞት በአንቺ በኩል እንዳያልፍ!" አለችኝ። ጥፊው ለቀናት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እና እቴቴ "ማሙሽ ሞቷል ብለሽ ጻፊ" ስትለኝ እጄ ቆመ። በእኔ በኩል እንዳያልፍ ተብያለሁ። እምቢ እንዳልላት ደግሞ ታሳዝነኛለች።

ስለዚህ እሷ ትናገራለች፣ እኔ ሌላ እጽፋለሁ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። "ማሙሽ ደህና ነው፣ አድጓል" ብዬ ጀመርኩ። እሷ ልጁ የታመመበትን ሦስት ቀን ስትነግረኝ፣ እኔ፣ "የውሃ ሻጩን አህያ የአባዬ ፈረስ ነው የሚላት፤ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኖቹ መሃል ካልተቀመጥኩ ብሎ ያስቸግራል" ብዬ ጻፍኩ። አህያ የሚፈራውን ልጅ! እሷ ስለ ቀብሩ ስትነግረኝ፣ እኔ፣ "አባዬ የሚመጣው በዚህች ፈረስ ነው ወይ ይለኛል፤ ጫማው ጠቦታል" አልኩ። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር፤ ከሦስተኛው መስመር በኋላ ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ልጁ ወረቀቱ ላይ ተነስቶ ይሮጥ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እስከዚያ ቀን ከጻፍኩት ሁሉ ያማረው እሱ ነበር፤ ማማሩንም አውቄ ኮርቻለሁ። ከሁሉ በላይ የማፍረው በዚህ ነው።

ስትጨርስ፣ እንደ ልማዴ ላንብብልሽ ልል አፌን ስከፍት እሷ ተነሳች። "አታንብቢልኝ። ደግሜ ልሰማው አልችልም" አለችና ወረቀቱን ራሷ አጠፈችው። ሾፌሩ ይዞት ሄደ።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ቀትር ላይ አጥራችን በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ የሚያነክስ ሰው መጣ። አሮጌ የወታደር ካፖርት፣ በትከሻ የተንጠለጠለ ሻንጣ። አንድ እጁ ላይ ትንንሽ ኮንጎ ጫማዎች፣ አዲስ፣ በክር የታሰሩ። አየኝና ፈገግ አለ፤ ማንነቴን አያውቅም። "አንቺ ልጅ፣ የውሃ ሻጩ አህያ የትኛዋ ናት?" አለኝ።

ሃምሳ አለቃው ነበሩ። እቴቴ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክማ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለች። አየቻቸውና ዱቄቱን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። የሚያውቁ መስሏታል፤ አልቅሰው የመጡ። ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ጀርባዋን እየደበደቡ ይስቃሉ። "በቃ በቃ፣ መጣሁ እኮ! ታዲያ ፈረሰኛው የት አለ?"

ቀና ብላ አየቻቸው። "ደብዳቤዬ አልደረሰህም?"

"እንዴት አይደርሰኝም!" ብለው ከደረት ኪሳቸው አወጡት። መታጠፊያው እስኪሳሳ ድረስ ተነብቧል። እዚያው መንገድ ላይ ቆመው ጮክ ብለው አነበቡላት፤ አህያዋን፣ ጀሪካኑን፣ የጠበበውን ጫማ። እቴቴ ሰማች። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ያ አስተያየት ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ገርሟት ነበር። ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ ያልሽው? የሚል ዓይን ነበር።

"ማሙሽ የለም" አለቻቸው።

"የለም ማለት?"

"ሞቷል። ሰባት ወሩ።"

"ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?" ወረቀቱን አነሱት።

እኔን አላየችም። "እኔ ነኝ ያስጻፍኩት" አለች።

ሃምሳ አለቃው ጫማዎቹን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና አጠገባቸው ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። ሰው ተሰበሰበ፣ ሴቶች ጮኹ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ደርቆ ሚስታቸውን ብቻ ያዩ ነበር።

ሰፈሩ የልቡን ተናገረ። ልጇን አፈር አልብሳ ደህና ነው አለች፣ ወንድ ለመጥራት በሬሳ የምትነግድ ሴት አየን ወይ፣ ሌላም ሌላም። እናቴ ሳትቀር፣ "እንዴት ያለች ጉድ ናት!" አለች። አባቴ አንድ ማታ ገጽ እያስገለበጠኝ፣ "እሷ እንደዚያ ብላሽ ነው የጻፍሽው?" ብሎ ጠየቀኝ። "አዎ" አልኩት። በእጄ ያለችው መስመር ያችው የተለመደችዋ ነበረች፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። የእቴቴ ግን ልጇም ጠፋ፣ የተናገረችውም ጠፋ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና እጄን ያመኛል አልኩ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ለማንም አልጻፍኩም። ሴቶቹ እየመጡ ለመኑኝ፣ አባቴ ተቆጣ፤ አሻፈረኝ አልኩ።

አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ጋ ብቻዋን አገኘኋትና፣ "እቴቴ፣ እኔ መሆኔን ልንገራቸው?" አልኳት። ጀሪካኗን አስቀመጠች።

"ስሚኝ። ሃምሳ አለቃ ንዴቱ ክፉ ነው፤ እንደ ድሮው አይደለም። የሰው ልጅ ላይ እጁን ቢያነሳ አባትሽ ይገባበታል፣ ነገር ይሆናል። እኔ ሚስቱ ነኝ፤ እችለዋለሁ። አንቺ አፍሽን ያዢ።" ጀሪካኗን ልታነሳ ጎንበስ አለችና፣ "ግን ለምን?" አለችኝ።

"እማዬ መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም ስላለችኝ።"

ሳቀች። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የከበደ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። "አፍሽን መች ጠየቅኩሽ፣ እጅሽን ነው እንጂ" አለችና ውሃዋን ተሸክማ ሄደች።

አብረው ኖሩ። ሃምሳ አለቃው የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። በአጥሩ ቀዳዳ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ጥለውት የሄዱት ካኪ ሸሚዝ ነበራቸው፤ የት አደረግሽው ሲሏት ዝም ትላለች። "ሸጥሽው፣ አይደል? ምን ታደርጊ፣ የልጄንም ሞት ደብቀሽ አልነበር!" ይሏታል። ሸሚዙ የት እንዳለ እኔ አውቅ ነበር። ነግራኛለች፤ ከነገረችኝና ካልጻፍኩት አንዱ ነው። እኔ አጥሩ ጥግ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አልነሳም፣ አልናገርም። ፈሪ ነበርኩ። መጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ፣ ኋላ ደግሞ ዝም ያልኩበት ጊዜ እየረዘመ ስለሄደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። እኔ ጋ እያደር ነው የከበደው።

አደግኩ፤ ተማርኩ፤ ወደራ ከተማ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝና ደብዳቤ ማርቀቅ ነው። ሰው ይሰለቻል ይላል፤ እኔ ግን ተመችቶኝ ኖርኩ። "ጉዳዩ"፣ "ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው"፣ "ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።" እዚህ ውስጥ የእኔ የሆነ አንድ ቃል የለም፤ በእኔ ቃል የሚያለቅስም የለም። አንዳንድ ቀን ስብሰባ ሲረዝም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት መስመር ያመልጠኛል፤ ስለ ጉሙ፣ ሰብሳቢው ሲያዛጋ ስለሚያደርገው ነገር። ቀድጄ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ቤት ስደርስ ምድጃ ውስጥ። እንደ ሱስ ነበር። የተውኩት ግን የማይተወኝ።

በቅርቡ እናቴ ደወለችልኝ። "እቴቴ አረፈች" አለች። መርዶ በስልክ፤ ጊዜው እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የወደራ ደን አልቆ ግራሩና ቀይ አፈሩ እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ለሃምሳ አለቃው ሳልነግራቸው ሞተችብኝ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሃምሳ አለቃው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው። እጃቸውን ያዝኩና የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። "የአስተማሪው ልጅ! ጸሐፊዋ!" አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፣ "ደግ ሴት ነበረች። ይህን ሁሉ ዓመት አብስላ አብልታኛለች። አንድ ነገር ብቻ አልወጣልኝም። በልጄ ዋሸችኝ። ይቅር ልበላት ብዬ እሞክራለሁ፤ አፈሩ ላይ ቆሜም ሞከርኩ። እምቢ አለኝ" አሉኝ።

እንግዲህ ይኸው። እሷ ተቀብራለች፤ ስሟ ግን ባሏ ሆድ ውስጥ እንደቆሸሸ ቀርቷል፤ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ጠረጴዛው ግን በቦታው አለ። ወረቀት አወጣሁ። ያን ቀን የነገረችኝ አንድም አልጠፋኝም። የጻፍኩትን ስንቱን ረስቻለሁ፤ ያልጻፍኩትን ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። "ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ" ብዬ ጀመርኩ። እሷ እንደዚያ አላለችም። ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ፣ "ልቤ እየደማ" የምትል ከየት መጣች ሳልላት ገባች፤ ቀደድኩት። እጄ አይታመንም፤ ሠላሳ ዓመት ዘግቼበት እንኳ መጨመር ያምረዋል። በመጨረሻ እንደ ቦረናው ሽማግሌ በጣቶቼ እየቆጠርኩ ጻፍኩ፤ አንድ ነገር፣ አንድ ጣት። አራተኛው ወረቀት ላይ አለቀ። ደክሞኝ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ እና ደግሞ፣ እቴቴ ይቅር ትበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የጻፍኩትን ምድጃ ውስጥ አልከተትኩም።

በማለዳ ተነሳሁ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ "በዚህ ሌሊት ወዴት ነው?" አለችኝ። "ነግቷል። ደብዳቤ ላደርስ" አልኳት።

ሃምሳ አለቃው ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ደብዳቤውን እሷ እንዳላለችው፣ እኔ ከራሴ እንዳወጣሁት፣ እኔን ለማዳን በራሷ ላይ እንደወሰደችው። አህያ ይፈራ እንደነበርም ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝም አልነሳም ነበር።

"እሷ ያለችው የታለ?" አሉ።

"ይዤዋለሁ።"

"አንብቢ።"

አነበብኩ።

"ማሙሽ ሞቷል። በኩፍኝ ነው። ሦስት ቀን ታመመ፤ እኔ ሦስቱንም ቀን አልተኛሁም። ሐኪም ቤት ተሸክሜ ወስጄዋለሁ። የቀበሩልኝ ጎረቤቶች ናቸው። መገነዣ አልነበረኝም፤ በአንተ ካኪ ሸሚዝ ጠቅልዬ ነው የቀበርኩት። አባቱ እንዳቀፈው ይሁንለት ብዬ ነው። አንተ እዚያ ዘመዶችህ መሃል አልቅስ። አልቅሰህ ሲወጣልህ ና። ስትመጣ ግን ስለ እሱ አትጠይቀኝ፤ መናገር አልችልም። እኔ አለሁ።"

"ሸሚዜን?" አሉ።

"አዎ።"

እጃቸው ጋቢያቸው ላይ የሆነ ነገር ሲፈልግ አየሁት፤ ቁልፍ የሚቆልፉ ይመስል ነበር። "ሸጥሽው ብያታለሁ" አሉ። "ስንቴ፣ ስንቴ ብያታለሁ!" ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "አንቺ የጨመርሽበት አለ?"

"የለበትም።"

"ድገሚው።"

ደገምኩት። "አልቅሰህ ሲወጣልህ ና" የሚለው ጋ ስደርስ ሃምሳ አለቃው ከአግዳሚው ወረዱ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ መርዶ እንደተነገረው ሰው ጮኸው አለቀሱ። ጎረቤቱ ነጠላውን ሳያጣፋ ወጣ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዟቸው። "አይዞዎት፣ እሷስ አርፋለች" ይሏቸዋል። የሚስታቸው ሐዘን ያገረሸባቸው መስሏቸው ነው። ሃምሳ አለቃው ግን የሚያለቅሱት "ማሙሽዬ፣ ማሙሽዬ" እያሉ ነበር።